ሳልጽፍ የቀረሁባቸው ሦስት ቀናት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ይህን የምለው እንድታምኑኝ መንገድ ልጥረግ ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ስድስት ወር ሰልጥኜ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ አየር ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ የዝናብ መለኪያውን ማየት፣ ሙቀቱን ማንበብ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣና ጉልበቱ ስንት እንደሆነ በየሰዓቱ መጻፍ ነበር። ሰፈር ውስጥ ሰው ጣሪያዬ ላይ ይሄዳል ሲሉኝ ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ እንደሚንቋቋ አስረዳ ነበር፣ አንዲት ጎረቤቴ የሞተው ባሌ በር ያንኳኳል ብላ ስትመጣም ሄጄ የላላውን መቀርቀሪያ አጥብቄላት ተመለስኩ፣ ከዚያ ወዲህ ባልየው አላንኳኳም።

ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያወሩ ሰዎች ሁሌ ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምሩት፣ የእኔ ግን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው የሆነው፣ በፍልሰታ፣ ሐሙስ ቀን፣ እህል ልቀምስ ጥቂት ሲቀረኝ። በረሃብ ነው የሚል ይኖራል፣ አብሮኝ የነበረው ሰው ግን ምሳውን በልቶ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ልጄ ልንገራችሁ። ደምሰው ይባላል፣ የመጨረሻዬ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሥራው ቆሞበት አንድ ዓመት ያህል ቤት ተቀመጠ፣ ከዚያ ባለፈው ፋሲካ ማግስት በነበረው ሳምንት "ለሚ ከተማ፣ ጓደኛዬ ጋ ለእህል ንግድ ልሂድ" ብሎኝ ወጣ። ሲወጣ ቢጫዋን የዘይት ጄሪካን ውሃ ሞልቶ ይዟታል፣ አምስት ሊትር የምትይዘውን፣ ክዳኗ ጠፍቶ እኔ የበቆሎ ቆረቆንዳ በሰማያዊ ፌስታል ጠቅልዬ የወተፍኳትን።

"ለሚ ውሃ የለም እንዴ?" አልኩት።

"ለመንገድ ነው እማዬ።"

ለሚ ለመሄድ አምስት ሊትር ውሃ እንደማያስፈልግ አውቃለሁ፣ ያን ቀንም አውቄው ነበር፣ ግን ዝም አልኩ፣ ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ የመዘዞ ልጅ ደወለልኝ። ከጅቡቲ ጠረፍ ወደ የመን ሲሻገሩ ጀልባቸው ተገልብጣለች፣ እሱ ከተረፉት አንዱ ነው። "ደምሰውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ጄሪካኗን አቅፎ ነው፣ ውሃዋን ደፍቶ መልሶ ወትፏት ነበር፣ ተንሳፍፎ ነበር፣ ጠራሁት፣ እጁን አነሳልኝ፣ ከዚያ ሞገድ መሃላችን ገባ" አለኝ። ቀኑን ጠየቅኩት፣ ነገረኝ። ሰዓቱን ጠየቅኩት፣ "ጎሕ ሲቀድ" አለ። ነፋሱ ከየት ነበር ስለው ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም።

አስከሬን አልተገኘም፣ በሕይወት አለ የሚልም አልመጣም። አገራችን ላይ እንዲህ ያለው ነገር ዝም ተብሎ አይቀመጥም፣ ሰው ሞቶ አስከሬኑ ቢቀር እንኳ ድንኳን ተጥሎ ይለቀሳል፣ እርም ይወጣል፣ ቤተሰቡም ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ይኖራል። ታላቅ እህቴ፣ እታበባ ነው የምንላት፣ ሰኔንም ሐምሌንም ታግሳኝ ነሐሴ ሲገባ የእድራችንን ዳኛ አስከትላ መጣች።

"አሰለፈች፣ እስከ መቼ ነው?" አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። "እድርተኛው ሌላ ሰው ቤት ሲያለቅስ አንቺን እያየ ነው የሚያለቅሰው። እኔም ጎረቤት መሄድ አፈርኩ።"

"በቁሙ ላልቅስበት? ሟርት አይሆንም?"

"በቁሙ ያለ ሰው ስልክ ይደውላል።"

ዳኛው "እኛ አናስገድድም፣ ግን ለቅዳሜ ድንኳኑ ከሌላ ቤት ይመለሳል፣ እሺ ካሉ በዚያው እንተክለዋለን" አሉ። እስከ ዓርብ ማታ መልስ ልሰጥ ተስማማን። እታበባ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ "ያልተለቀሰለት አያርፍም፣ ልጁን አሳርፊው" አለችኝ። እንግዲህ ያን ሳምንት በእጄ ላይ የነበረው ይህ ነው፣ ልጄን ሙት ማለት ወይም አለማለት፣ ለዚያ የሚሆን አንድም ማስረጃ ሳይኖረኝ፣ እኔ ደግሞ ያለ ንባብ ቁጥር ጽፌ አላውቅም።

አሁን ስለ ሱራፌል ልንገራችሁ። ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየኝ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ የሐዋሳ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ የሚገባ። የሚያጠናው ነገር መጀመሪያ ሲነግረኝ አስቆኝ ነበር፣ ባሕር ላይ የተጣለ ላስቲክ፣ ጠርሙስና ቁርጥራጭ መረብ በነፋስና በባሕሩ ውስጥ በሚፈሰው ጅረት ተገፍቶ የት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚጠራቀም በኮምፒውተር አስመስሎ ያሰላል። እሱ ሲሙሌሽን ይለዋል፣ እኔ የውሸት ባሕር እለዋለሁ። የነፋሱንና የጅረቱን ቁጥር ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ ውሃው ላይ ነጥቦች ይለቃል፣ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ቆሻሻ ናት፣ ከዚያ ቀኑ እየሄደ ነጥቦቹ ሲንሳፈፉ ይታያሉ።

"ለመሆኑ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?" ብዬው ነበር።

"አላየሁም እማማ።"

"እና እንዴት ታውቀዋለህ?"

"እርስዎስ ዝናቡን ሲለኩ ደመና ላይ ወጥተው ነበር?"

ከዚያ ወዲህ ተግባባን። አንዳንድ ከሰዓት የነፋስ ቁጥሮቹን አብሬው አያለሁ፣ ከጎረቤቶቹ የማይስማማ ቁጥር ምስር ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ይታየኛል፣ ዓይኔ የለመደው ሥራ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም እኮ አልተውኩትም፣ ጓሮዬ እንጨት ተክዬ ጫፉ ላይ የነጠላ ጥለት አስሬበታለሁ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ ነፋሱን አይና ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጭስ ቀጥ ብሎ ከወጣ ዜሮ፣ ቅጠል ከተንቀሳቀሰ ሁለት፣ ቅርንጫፍ ከተወዛወዘ አምስት፣ ሽቦ ካፏጨ ስድስት። ማንም አይጠይቀኝም፣ ለማንም አልሰጠውም፣ ደብተሩም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ አያውቅም፣ ይህችን ነገር ያዙልኝ።

እታበባ በሄደች ማግስት ሱራፌልን ለመንኩት። ጄሪካኗን ልቀቅልኝ አልኩት፣ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ። ፊቱ ተለወጠ።

"እማማ፣ ይሄ ለላስቲክ የተሠራ ነው፣ ለሰው አይደለም።"

"ጄሪካን ላስቲክ አይደለም?"

ነገሩን በቀስታ አስረዳኝ። ከውሃ በላይ ብቅ ያለውን ነገር ነፋስ ይነዳዋል፣ ከውሃ በታች ያለውን ጅረቱ ይወስደዋል፣ ስለዚህ ባዶ ጄሪካንና ሰው ያቀፈው ጄሪካን ከአንድ ቦታ ቢነሱም በአንድ መንገድ አይሄዱም። "ሁለቱንም ልለቅልዎት እችላለሁ፣ ግን ውጤቱን ምን ሊያደርጉበት ነው?" አለኝ። "አነበዋለሁ" አልኩት።

ሐሙስ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፍቷል፣ ጉሙ ከአንኮበር በኩል ገብቶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል፣ ከደጄ ላይ ሆኜ እንጨቴን ማየት አልቻልኩም። ከስምንት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ወደ ሱራፌል ክፍል ገባሁ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ነበር። አምስት መቶ ቢጫ ነጥብ አዘጋጅቷል፣ እነዚህ ባዶ ጄሪካኖች ናቸው፣ አምስት መቶ ነጭ ነጥብ ደግሞ ሰው ያቀፋቸው። አምስት መቶ የሆኑት ባሕር ውስጥ ምን እንደሚገጥም ስለማይታወቅ ነው፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ፣ አብዛኞቹ የሄዱበት እውነቱ የሚገኝበት ነው፣ እንዲህ ነው ያስረዳኝ።

ለቀቃቸው። መጀመሪያ እንደ አንድ ጠብታ ነበሩ፣ ከዚያ ተበተኑ፣ ቢጫዎቹ ቀደሙ፣ ነጮቹ ቀሩ፣ ሁሉም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሰፊው ባሕር ወጡ። እመኑኝ፣ ነጥብ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ግን ቢጫውና ነጩ ሲለያዩ እጄን ጉልበቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

ያኔ ነው መጀመሪያ የሰማሁት፣ ከጓሮ፣ የዝናብ ውሃ ከማጠራቅምበት በርሜል በኩል፣ ኳ... ኳ... የሚል፣ ባዶ ነገር ውሃ ላይ ሆኖ ከብረት ጋር ሲነካካ እንደሚያሰማው። የአሸንዳው ጠብታ ነው ብዬ አለፍኩት።

"አንዷ ቀረች" አለ ሱራፌል።

እውነትም አንዲት ነጭ ነጥብ ከሌሎቹ ጋር አልሄደችም፣ ብቻዋን ቀስ እያለች ወደ ምዕራብ ትመጣለች። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ቢጫዎቹ ላይ ነው፣ በዚያ ሳምንት ነፋሱ ከምሥራቅ እንደነበር ቁጥሩን ራሴ አንብቤለታለሁ።

"ባዶ ጄሪካን ነፋስን ፊት ለፊት ገፍቶ ይሄዳል እንዴ?" አልኩት።

ጣቶቹ የፊደል ሰሌዳው ላይ ሮጡ፣ ጆሮው ድረስ ቀላ። በእሱ ሥራ የጅረት አቅጣጫ ሲባል የሚሄድበት ነው፣ በእኛ ሥራ የነፋስ አቅጣጫ ሲባል የሚመጣበት ነው፣ የምሥራቅ ነፋስ ማለት ከምሥራቅ የመጣ ማለት ነው። ለእኔ ብሎ በችኮላ ያወረደውን ፋይል እንደ ጅረት አስገብቶታል። "ተማሪዎቼን የምቀጣበት ስህተት ነው" አለ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ሁለታችንም ፈገግ አልን መሰለኝ።

አስተካክሎ እንደገና ለቀቃቸው። አሁን ሁሉም ተገለበጠ፣ ቢጫዎቹ ወደ ምዕራብ ሮጠው ጠረፉ ላይ ተለጠፉ፣ ነጮቹ ወደ መሃል ባሕር ገብተው አንድ ቦታ መዞር ጀመሩ።

"እዚህ ውሃው ይሽከረከራል፣ ተንሳፋፊ ሁሉ እዚህ ይጠራቀማል" አለኝ።

"ሰው እዚያ ስንት ቀን ጄሪካን ይዞ መቆየት ይችላል?"

ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር። "እማማ፣ ያቺ ነጥብ" አለ።

ነፋሱን ስንገለብጠው ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙ መንገዳቸውን ቀይረዋል፣ ያቺ አንዲት ነጭ ግን ፀጉር ታህል ሳትዛነፍ በቀድሞው መንገዷ ላይ ናት። ነፋሱ ቢገለበጥም ግድ አልሰጣት። ስህተት ነው አለና ሰርዞ እንደገና ለቀቀ፣ አሁንም አለች። ጅረቱን ጨርሶ አጠፋው፣ ሌሎቹ ሌላ ቦታ ሄዱ፣ እሷ እዚያው ናት። በርሜሉ ጋ ያለው ድምፅ ቀጥሏል፣ ሱራፌልም አሁን ሰምቶታል፣ "ዝናብ ጀመረ እንዴ?" ብሎ መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። ዝናብ የለም፣ ጉም ብቻ ነው፣ ከአሸንዳውም ጠብ የሚል ነገር አልነበረም።

"ቀስ አድርገህ አሳየኝ" አልኩት፣ "ሰዓት በሰዓት።"

ቀስ አደረገው። ነጥቧ ጠዋት ቆማ ትውላለች፣ ረፋድ ላይ ትነቃነቃለች፣ ከሰዓት ትፈጥናለች፣ ማታ ትቆማለች። በማግስቱም እንደዚሁ። ይህን ነፋስ አውቀዋለሁ። ባሕር ላይ የሚነፍስ ነፋስ እንዲህ ያለ ጠባይ እንደሌለው ከእሱ ቁጥሮች አይቻለሁ፣ ይህ ጠዋት ተኝቶ በዘጠኝ ሰዓት የሚነሣው ነፋስ የእኛ ነው፣ የደጋው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጽፌዋለሁ።

ሄጄ ደብተሬን አመጣሁ። ሳላሳየው እንዲህ አልኩት፣ "አንተ ነጥቧን እያየህ ንገረኝ፣ እኔ አነባለሁ።" በላፕቶፑ ጥግ ቀኑ በፈረንጅ ተጽፏል፣ ወደ እኛ እየመለስኩ ገጹን ፈለግኩ።

"ግንቦት አምስት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከምሥራቅ አራት።"

"ወደ ምዕራብ ሄደች።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ዜሮ።"

"ቆመች።"

"ግንቦት ስድስት፣ ሦስት ሰዓት፣ ዜሮ። ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሰሜን ምሥራቅ ሦስት።"

"ወደ ደቡብ ምዕራብ" አለ፣ ድምፁ እየወረደ ነበር።

አንድ ሙሉ ወር እንዲህ ሄድን። አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ከንፈሬ ደርቆ ነበር፣ ግን ውሃ ለመጠጣትም አላቆምኩም፣ ውስጤ ውስጥ የነበረውን ነገር ደስታ ልበለው ፍርሃት ልበለው እስካሁን አላውቅም፣ ልጄ በእኔ ነፋስ እየሄደ ነው የሚል ሐሳብ ነበር፣ ሌላ ስም የለኝም። ከዚያ ገጹን ገለበጥኩ። ሰኔ አሥራ አንድ ይላል ቀኑ፣ ከአጠገቡ ምንም የለም። አሥራ ሁለትም ባዶ ነው፣ አሥራ ሦስትም ባዶ ነው።

ሳላነብ ዝም አልኩ።

"እማማ" አለ ሱራፌል፣ "ጠፋች።"

እሱ ደብተሩን አላየም። እነዚያን ሦስት ቀናት ለሰኔ ሚካኤል አንኮበር ነበርኩ፣ ስለ ደምሰው ስለት ልሳል ሄጄ፣ ሦስት ሌሊት ደጀ ሰላም አድሬያለሁ፣ ነፋሱን የሚጽፍልኝ አልነበረም፣ እንዲጻፍ የሚፈልግም አልነበረም።

"ወደ ጠረፍ ወጥታ ነው?" አልኩት።

"አይደለም። መሃል ባሕር ላይ ነው የጠፋችው።"

"ሰምጣ ነው?"

"እዚህ ውስጥ መስጠም የሚባል ነገር የለም እማማ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት፣ ሁሉም ይንሳፈፋል ተብሎ ነው የተጻፈው። መጥፋት አትችልም።"

ቀኑ አለፈ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። ባሕሩ ባዶ ነበር። ሰኔ አሥራ አራት ላይ ከአንኮበር ማለዳ ተሳፍሬ ከሰዓት ደርሻለሁ፣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ በዘጠኝ ሰዓት ወጥቼ ጽፌያለሁ፣ ከምዕራብ ሁለት ይላል። "ተመለሰች" አለ ሱራፌል። ተመልሳለች፣ ግን ከነበረችበት ርቃ፣ ወደ ምሥራቅ ተገፍታ፣ በሦስት ቀን ሊሆን የማይችል ርቀት። የወር መንገዷ ግማሹ ጠፍቷል።

በርሜሉ ጋ የነበረው ድምፅ ያን ጊዜ ተለወጠ። ቀስ ያለው መነካካት ቀርቶ መቸኮል ጀመረ፣ ኳ ኳ ኳ ኳ፣ አንድ ሰው እጁ ደክሞት ጄሪካኗ ልታመልጠው ስትል የሚታገል ይመስላል፣ ይህን ያልኩት አሁን ሳስበው ነው፣ ያን ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኗል። የዛሬውን አልጻፍኩም።

እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ያን ቀን ግን ደብተሬን ይዤ ሮጥኩ። ጉሙ ውስጥ እንጨቱን በእጄ ዳብሼ አገኘሁት፣ ጥለቱ እርጥብ ሆኖ ተንጠልጥሏል፣ ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ወደ ላይ አነሣሁ፣ በደቡብ በኩል ቀዘቀዘኝ። በርሜሉ ከእኔ ሁለት እርምጃ ላይ ነው፣ ድምፁ ከውስጡ ይመጣል፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ግማሽ ውሃ አለ፣ ሌላ ምንም የለም፣ ውሃው ግን ይንቀሳቀሳል፣ እየወጣ እየወረደ የበርሜሉን ጎን ይመታል፣ ውሃ የሚያናውጥ ነፋስ በሌለበት። ከደረቴ እርሳሱን አውጥቼ "ከደቡብ አንድ" ብዬ ጻፍኩ።

ድምፁ መሃል ላይ ተቋረጠ። ውሃውም ተኛ።

ሱራፌል በር ላይ ቆሞ ነበር፣ በካልሲ፣ ጭቃ ላይ። "ቆመ" አለ።

በማግስቱ መብራት ሲመጣ ደጋግሞ ሞከረ፣ አሥር ጊዜም ሃያ ጊዜም፣ ነጥቧ አልወጣችም። ነጮቹ ሁሉ እዚያ የሚዞረው ውሃ ውስጥ ገብተው ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይዞራሉ፣ ወጣ ያለ የለም። የትናንቱን ስላላስቀመጠው ራሱን ረገመ፣ ባትሪው አልቆ ነበር የጠፋው። እኔ በበኩሌ ማየት አላስፈለገኝም።

ዓርብ ማታ እታበባ ለመልሷ መጣች።

"ድንኳኑን ትከሉ" አልኳት።

እቅፍ አደረገችኝ፣ እንዲህ አቅፋኝ አታውቅም። "ግን" አልኳት፣ "በሦስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓትና በአሥራ ሁለት ሰዓት ከድንኳኑ እወጣለሁ።"

"ምን ልትሆኚ?"

"ሥራ አለኝ።"

"ጡረታ የወጣሽ ሴት ምን ሥራ አለሽ?"

"የእናንተን ልቅሶ ልከለክል አልችልም እታበባ፣ እናንተም የእኔን ሥራ አትከልክሉኝ።"

ለምን እሺ እንዳልኩ ሰው ይጠይቀኛል። ሰዉ ማልቀስ ፈልጎ ነበር፣ እህቴም እረፍት ፈልጋ ነበር፣ ልቅሶው ልጄን አይነካውም ብዬ አሰብኩ፣ የሚነካው ምን እንደሆነ አይቻለሁና። ቅዳሜ ድንኳኑ ሞላ። በዘጠኝ ሰዓት አልቃሿ ቁመቱንና ደግነቱን እያነሣች ደምሰውን ስትጠራው፣ ሴቶቹም ደረታቸውን ሲመቱ፣ እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። ወደ ጓሮ ለብቻዋ ልታለቅስ ነው ብለው መንገድ ለቀቁልኝ። ከምዕራብ ሁለት ነበር፣ ጻፍኩና ተመልሼ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ታወቀ፣ "ልጇ ሞቶ ነፋስ ትቆጥራለች" እየተባለ መወራቱንም ሰምቻለሁ፣ አልመለስኩም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ከቤት ርቄ አላውቅም። አሊዩ አምባ ለገበያ መውረድ ትቻለሁ፣ ሰርግም አልሄድም። ደቂቃ ካሳለፍኩ በርሜሉ ይጀምራል፣ ከጻፍኩ ያቆማል። ክረምቱ ወጥቶ የበርሜሉ ውሃ ሲያልቅ እንኳ፣ ባዶውና ደረቁ በርሜል፣ ውሃ እንዳለበት ሆኖ ያንኳኳ ነበር። ሱራፌል በመስከረም ወደ አገሩ ተዛወረ፣ ግን ሁልጊዜ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ይደውላል፣ ሰላምታ እንኳ አያስረዝምም።

"ጻፉ እማማ?"

"ጻፍኩ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ይላል፣ ለምን እሱ እንደሚያመሰግነኝ አላውቅም።

ከጥቅምት ጀምሮ የበጋው ነፋስ ገባ፣ ከምሥራቅ፣ በየቀኑ፣ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት። ይህን ነፋስ ከነሐሴ ጀምሬ ስጠብቀው ነበር፣ ከምሥራቅ የመጣ ነፋስ ወደ ምዕራብ ነው የሚገፋው፣ ወደ ጠረፉ። ያን ቀን ነጥቧ በቀን ምን ያህል ትሄድ እንደነበር አስታውሼ በደብተሩ ጀርባ እያሰላሁ ነበር፣ ሂሳቤ ትክክል ከሆነ ልጄ በኅዳር መጨረሻ የብስ መንካት ነበረበት።

ታኅሣሥ በገባ በሰባተኛው ቀን ትኩሳት ይዞኝ ተኛሁ። አመዳይ የጣለበት ጠዋት ነው። ስነቃ አራት ሰዓት አልፏል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አሳልፌያለሁ። ብርድ ልብሴን እንደተከናነብኩ ወጣሁ። በርሜሉ ዝም ብሏል። ጻፍኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆን ብዬ አምስት ደቂቃ ቆየሁ፣ ልቤ ከዚያ በላይ አልቻለም፣ አሁንም ዝም ነው።

እኔ ያለ ሙከራ የማልቀበል ሰው ነኝ ብያችኋለሁ። ከሱቅ አምስት ሊትር ጄሪካን ገዛሁ፣ በቆረቆንዳ ወተፍኩት፣ በርሜሉን ውሃ አስሞልቼ አንሳፈፍኩት። በእጄ ስነቀንቀው ያን ድምፅ አወጣ፣ ራሱን። ከዚያ አውጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ ዝም አለ። መልሼ አስገባሁትና ቆረቆንዳውን ነቀልኩ፣ ውሃ ሞልቶት ወደ ታች ሄደ፣ እሱም ዝም አለ። ሁለቱን ዝምታ ለመለየት ቆሜ ብዙ አዳመጥኩ።

ማታ ሱራፌል ደወለ።

"ጻፉ?"

"ጻፍኩ።"

"ድምፁስ?"

"የለም። ዛሬ የለም።"

ስልኩ ውስጥ የእሱ አገር ወፎች ይሰሙ ነበር።

"ታዲያ... ይተዉታል?" አለኝ።

"ከምሥራቅ አምስት ነው" አልኩት፣ "ሲመሽ ሦስት ሆኗል።"

ከዚያ ቀን ወዲህም በርሜሉ ዝም እንዳለ ነው። ደብተሩ አራት ገጽ ቀርቶታል፣ ትናንት አዲስ ገዝቻለሁ።